ትኩሳቱ አልወርድ ላለ ወንድ፣ ሉፐስ ይሆን? ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፣ ስለ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) የጻፍኩትን አይታችሁ ብዙ ወንዶች ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ ልመልስ ብዬ ነው። ስም አትጻፉ፣ ውጤት ስትልኩ ግን ቁጥሩን ጻፉልኝ እንጂ "ትንሽ ወርዷል አሉኝ" አትበሉኝ።

ጥያቄ፦ ዶክተርዬ ሉፐስ የሴት በሽታ አይደል እንዴ?

መልስ፦ ወንድም ይይዘዋል። በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ከ10 ታማሚ 9ኙ ሴት ናቸው፣ አንዱ ግን ወንድ ነው፣ እሱም ቤተሰቡም ሐኪሙም ስለማያስቡት ነው የሚዘገየው። ደሞ ወንድ ላይ ሲመጣ ኩላሊት የመንካት፣ ልብና ሳንባ ዙሪያ ውሃ የመቋጠር፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ሴል) የማውረድ ነገሩ ይበዛል። ፊት ላይ የሚወጣው ቢራቢሮ መሳይ ሽፍታ ጭራሽ ላይኖር ይችላል፣ ቢኖርም እኛ ቆዳ ላይ መጽሐፍ ላይ እንደምታዩት አይቀላም፣ ወደ ሐምራዊ ወይ ጠቆር ወዳለ ቡናማ ይሄዳል፣ ሰዉም ማድያት ነው ብሎ ያልፈዋል።

ጥያቄ፦ ስንት ቀን ሲያተኩስ ነው "ምንጩ ያልታወቀ" የሚባለው?

መልስ፦ የ1961ዱ ትርጉም ከ38.3 በላይ ደጋግሞ የሚመጣ፣ ከ3 ሳምንት ያለፈ፣ ሆስፒታል ተኝቶ 1 ሳምንት ተመርምሮም ምክንያቱ ያልተገኘ ይላል። አሁን መተኛቱን ብዙም አንጠብቅም። ግን እባካችሁ ቴርሞሜትር ግዙ፣ "ማታ ማታ ያተኩሰኛል" ብሎ አንዴም ለክቶ የማያውቅ ሰው ስንት አለ መሰላችሁ!

ጥያቄ፦ ወንድሜ 27 አመቱ ነው፣ 6 ሳምንት ሆነው ሲያተኩሰው፣ ታይፎይድና ታይፈስ እየተባለ ሦስቴ መድኃኒት ወስዷል ለውጥ የለውም። ነጭ ደም ሴል 2,900፣ ሄሞግሎቢን 10.4፣ ኢኤስአር 95፣ ሲአርፒ 9፣ ሽንቱ ላይ ፕሮቲን 2 ፕላስ፣ ኤኤንኤ 1:160። ሉፐስ ነው በቃ?

መልስ፦ እህቴ እንዲህ ቁጥር ያለው ጥያቄ ደስ ይላል። መጀመሪያ ስለ ታይፎይዱ፣ አንዴ በተሰራ ዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ብቻ ታይፎይድ አለብህ ማለት እኛ አገር የተለመደ ነው፣ ግን ድሮ የያዘውም ሌላ ኢንፌክሽን ያለበትም ሰው ላይ ፖዘቲቭ ሊል ስለሚችል ብዙ አልተማመንበትም፣ ማረጋገጫው የደም ካልቸር (ከደሙ ባክቴሪያውን አሳድጎ ማየት) ነው። አሁን የወንድምሽን ወረቀት ሳየው ዓይኔ የሄደው ኢኤስአሩ ሰማይ ነክቶ ሲአርፒው (ሁለቱም የብግነት መለኪያ ናቸው) ዝቅ ማለቱ ላይ ነው፣ ከነጭ ደም ሴሉ ማነስ ጋር ሲሆን ሉፐስን ያሳስባል፣ ባክቴሪያ ቢሆን ሲአርፒው ብዙ ጊዜ ከፍ ይል ነበር። በ2019 የአውሮፓና የአሜሪካ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ሐኪሞች ማህበራት ያወጡት ሉፐስን የሚለይ ነጥብ አሰጣጥ አለ፣ ኤኤንኤ (የራስን ሴል የሚያጠቃ አንቲቦዲ ምርመራ) 1:80፣ ማለትም ደሙ 80 ጊዜ ቀጥኖም የሚታይ፣ እና ከዚያ በላይ መሆን ግዴታ ነው፣ እሱን አልፏል። ትኩሳት 2፣ ነጭ ደም ሴል ከ4,000 በታች 3፣ ሽንቱ በ24 ሰዓት ተጠራቅሞ ፕሮቲኑ ከግማሽ ግራም ከበለጠ 4፣ ድምሩ 9፣ ማለፊያው 10 ነው። ትኩሳት 2 ብቻ መሆኑን አስተውይ፣ ትኩሳት ያለው ሁሉ ሉፐስ እንዳይባል ነው። ስለዚህ ሲ3ና ሲ4 የሚባሉት የደም መከላከያ ፕሮቲኖች ይሰሩለት (ሁለቱም ከወረዱ 4፣ አንዱ ከወረደ 3)፣ ፀረ ዲኤንኤ ወይ ፀረ ስሚዝ አንቲቦዲ ካለበት ደሞ 6። የኩላሊት ባዮፕሲ (ቁራጭ ናሙና) ተወስዶ የሉፐስ ጉዳቱ ክላስ 3 ወይ 4 ከተባለ ለብቻው 10 ነው። ግን ነጥቡ የተሰራው ለጥናት ነው፣ በዚያ ላይ ለምልክቱ ከሉፐስ የተሻለ ምክንያት ካለ አይቆጠርም ይላል፣ እኛ አገር ቲቢ፣ ወባና ኤችአይቪ ሳይጣሩ መደመር አይጀመርም። የሽንቱ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጠውም፣ በዚህ ሳምንት ኩላሊቱ ይታይ።

ጥያቄ፦ ከጎንደር ነኝ። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ የመጣ ዘመዴ ያተኩሰዋል ከስቷል፣ የግል ክሊኒክ ኤኤንኤ ፖዘቲቭ ብለው ፕሬድኒሶሎን ሊጀምሩለት ነው።

መልስ፦ ቆይ ቆይ ቆይ! መተማና ሁመራ ደርሶ የመጣ ወንድ ሲያተኩሰው መጀመሪያ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ የጥገኛ ተህዋሲ በሽታ) ነው የሚታሰበው። ካላዛር ሉፐስን አስመስሎ ይመጣል፣ ቀይም ነጭም ደም ሴል ፕሌትሌትም ያወርዳል፣ ኤኤንኤ ፖዘቲቭ ያደርጋል፣ አንዳንዴ ሽንት ላይ ፕሮቲን ሳይቀር ያሳያል። ሆዱን በግራ በኩል ይዳስሱት፣ ጣፊያው እምብርት ድረስ ከወረደ ሉፐስ እንደዚያ አያሳብጥም። አርኬ 39 የሚባል ፈጣን ምርመራ አለ፣ እሱ ኔጌቲቭ ሆኖም ጥርጣሬው ካለ ከጣፊያ ወይ ከመቅኔ ናሙና ይወሰዳል። ይሄ ሳይጣራ ፕሬድኒሶሎን (የሰውነት መከላከያን የሚያወርድ ስቴሮይድ) ከተጀመረለት ሰውነቱ መከላከሉን ያቆምና ተህዋሲው እንደልቡ ይራባል። ጎንደር ደሞ በካላዛር የሠለጠነ ሐኪም አለላችሁ፣ እዚያው ውሰዱት።

ጥያቄ፦ ምንም ሳያመኝ ቼክአፕ ላይ ኤኤንኤ 1:80 ተባልኩ፣ እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ ተኛ ወንድሜ። ጤነኛ ሰው ውስጥ 1:80 ከ10 አንዱ ላይ ገደማ ይገኛል፣ 1:160 ራሱ ከ100 ሰው 5ቱ ላይ። ምልክት ከሌለህ ሽንትህን ብቻ አሰራ።

ጥያቄ፦ ፋርማሲ ዴክሳ ሰጡኝ ትኩሳቱ በ2 ቀን ጠፋ፣ ሳቆመው ተመለሰ። ይሄ ሉፐስ መሆኑን አያሳይም?

መልስ፦ አያሳይም። ዴክሳ (እሱም ስቴሮይድ ነው) የቲቢንም የሊምፎማንም (የንፍፊት ካንሰር) ትኩሳት ያወርዳል፣ በኋላ ንፍፊትህ ላይ ባዮፕሲ ሲወሰድ ሊምፎማው ተደብቆ ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ይሆናል። አሁንም እየወሰድክ ከሆነና ሳምንታት ካለፉህ ደሞ በአንዴ አታቁመው፣ ስንት ሚሊግራም ለስንት ቀን እንደሆነ ጽፈህ ለሐኪምህ አሳይ።

ጥያቄ፦ የቲቢ መድኃኒት ከጀመርኩ 4ኛ ወር ላይ ነኝ፣ ድኜ ነበር አሁን ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ጀመረኝ።

መልስ፦ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው አይሶናያዚድ የሚያመጣው ሉፐስ ነው፣ የደም ግፊቱ ሃይድራላዚንም እንዲሁ ያደርጋል። ይሄኛው ወንድና ሴት ብዙ አይመርጥም፣ ኩላሊት እምብዛም አይነካም፣ መድኃኒቱ ሲቆም በሳምንታት ወይ በወራት ይጠፋል። ፀረ ሂስቶን አንቲቦዲ ይታይልህ። ራስህ ግን እንዳታቆም፣ መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢም ሊሆን ስለሚችል አክታህ ድጋሚ መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ ሪያድ ሹፌር ነኝ፣ ትኩሳት ላብ የወገብ ሕመም፣ ወር ሆነኝ።

መልስ፦ ያልተፈላ የግመል ወተት ትጠጣለህ? መልስህ አዎ ከሆነ ከሉፐስ በፊት ብሩሴላ (ካልተፈላ ወተት የሚተላለፍ ባክቴሪያ) ተመርመር።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፣ ሉፐስ ከተባልኩ 2 አመት ሆነኝ፣ ፕሬድኒሶሎንና ማይኮፌኖሌት ላይ ነኝ። ከትናንት ጀምሮ 39 ነኝ፣ ብርድ ብርድ ይለኛል። ሉፐሱ ተነስቶብኝ ይሆን ፕሬድኒሶሎኑን ልጨምር?

መልስ፦ አትጨምር። መከላከያህን የሚያወርድ መድኃኒት ላይ ሆነህ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከመጣ ሌላ እስኪረጋገጥ ኢንፌክሽን ነው። ሲአርፒ፣ ነጭ ደም ሴል፣ ካልቸር፣ የደረት ራጅ ያስፈልግሃል፣ ፕሬድኒሶሎኑንም እንዳትዘል፣ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ይዘህ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ፣ ጠዋት እስኪሆን አትጠብቅ።