ለሀዋሳ የሕግ ተማሪዎች፦ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀመጡ

ልጆቼ፣

ዘንድሮ ሕግ የደረሳችሁም፣ ገና ምርጫ የምትሞሉም በየጊዜው ትጠይቁኛላችሁ። "ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ እንዴት ነው? ያዋጣል ወይ?" ትሉኛላችሁ። እኔ በዚህ ከተማ ፍርድ ቤት ደጃፍ ከ25 ዓመት በላይ ተመላልሻለሁ። ለልምምድ የሚወጡ ተማሪዎችም ከእኔ ጋር ይውላሉ። የማውቀውን ልንገራችሁ።

ከአንድ ቀን ልጀምር። ተማሪዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ተረኛው የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው። አንዲት ወጣት መጣች። ፋብሪካ ትሠራ ነበር፣ ተባራለች። የስንብት ደብዳቤዋን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን ደግሞ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች። ተማሪው ጎበዝ ልጅ ነው። ስለ ሕገወጥ ስንብት የሚያውቀውን ሁሉ ዘረገፈላት። ግማሹ እንግሊዝኛ ነበር። "እሺ፣ እሺ" አለችው። ከዚያ ደብዳቤዋን መልሳ ቋጠረችና ወጣች።

"ደብዳቤው የደረሳት መቼ ነው?" አልኩት።

ዝም አለ። ቀኑን አላየውም።

ሮጦ ወጣና ባጃጅ ልትሳፈር ስትል ደረሰባት። ቀኑ ሲቆጠር ሦስት ወር ሊሞላ 6 ቀን ብቻ ቀርቶታል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ በ3 ወር ውስጥ ካልከሰሰ ጥያቄው በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ ስላለፈ፣ ይቀራል። ለምን እንደወጣችም ያኔ ነገረችው። ለመክሰስ ብር የሚከፈል መስሏት ነው። የሥራ ክርክር የዳኝነት ገንዘብ እንደማይከፈልበት ማንም አልነገራትም። የእኛም ልጅ ሳይነግራት ነው የተነሣችው። ክሱ ያን ዕለት ማታ ተጻፈ። ሁለቴ ተቀደደ፣ በሦስተኛው ሰው የሚያነበው ሆነ። በማግስቱ መዝገብ ተከፈተ።

ያ ልጅ ይርጋን ክፍል ውስጥ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ጥሩ ውጤት አምጥቶበታል። የገባው ግን ባጃጁ ጋ ነው።

ስለዚህ የሕግ ትምህርት ቤቱ ትልቁ ሀብት ምንድነው ብትሉኝ፣ ያቺ ጠረጴዛ ናት እላችኋለሁ። ሕንፃውም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ ትምህርት ቤቱ የሚያወጣው የሕግ መጽሔትም ጥሩ ናቸው። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሳይሞላችሁ፣ የሰው ሕይወት እጃችሁ ላይ ሲወድቅ፣ ስትሳሳቱ የሚያርማችሁ ሰው አጠገባችሁ ያለበት ሌላ ቦታ አታገኙም። ከተመረቃችሁ በኋላ ስትሳሳቱ የሚከፍለው ደንበኛው ነው።

የሚያሳዝነኝ ብዙዎቻችሁ እዚያ የምትመጡት ለነጥብ ስትሉ መሆኑ ነው። ፎርሙ ይፈረማል፣ ሰዓቱ ይሞላል፣ በቃ። እንደሱ አታድርጉ። ፈልጋችሁ ሂዱ። የዳኝነት ገንዘብ ከፍላ መክሰስ የማትችል እናት ስትመጣ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 467 መሠረት በደሃ ደንብ መክሰስ እንደምትችል ከእናንተ አፍ ትስማ። የሀገራችን ሰው "በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ" ይላል። እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጡ የምታገኙት ይሄንኑ ሰው ነው። ጭብጦዋ የተወሰደችበትን።

ስለ ቋንቋ ደግሞ አጥብቄ ልናገር። የምትማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ፍርድ ቤት ስትገቡ ግን የሚጠብቃችሁ ክስ፣ መልስ፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ የማስረጃ ዝርዝር ነው። ሁሉም በአማርኛ ወይም በክልሉ የሥራ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ። አምስት ዓመት ተምሮ አንዲት ገጽ አቤቱታ መጻፍ የሚቸገር ተመራቂ አይቻለሁ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፣ ግን ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ነው። በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጡ የፌዴራል ሕጎች የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ መጀመሪያ የተረቀቀው በፈረንሳይኛ ነው፣ በፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ። ከዚያ ነው የተተረጎመው። አንድ አንቀጽ ስታጠኑ ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ አንብቡ። የሚለያዩበት ቦታ ላይ ቁሙ። ክርክር የሚወለደው እዚያ ነው።

ሲዳሙ አፎ የማትችሉ ካላችሁ ተማሩ። አምስት ዓመት ሀዋሳ ኖሮ ሰላምታ ብቻ ይዞ መሄድ ያሳፍራል።

ሀዋሳ ሌላም የምትሰጣችሁ ነገር አላት። ሲዳማ በ2012 ክልል ሲሆን ከተማዋ የክልሉ መቀመጫ ሆናለች፤ በየደረጃው ያለ የክልሉ ፍርድ ቤት በባጃጅ ትደርሱበታላችሁ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከግብርና ኮሌጅ የተነሣ ነው። በ1992 ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲቋቋም የሀዋሳ ግብርና ኮሌጅና የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅ አብረው ገቡ። ታዲያ የመሬት ሕግ የምትማሩ ልጆች የአፈርና የደን ባለሙያ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እያለላችሁ ለምን አትጠይቁም? የድንበር ክርክር ይዞ የመጣ ገበሬ የሚናገረውን ግማሹን የሚያስረዳችሁ እሱ ነው።

ሽማግሌዎቹንም አትርሱ። በሲዳማ አፊኒ የሚባል ነገር አለ። "ሰማችሁ ወይ?" እንደማለት ነው። ሰው ነገሩን ለሸንጎው ያሰማል፣ ሽማግሌዎቹ እስኪጣራ ይሰማሉ፣ የሚፈለገው ሀላሌ ነው፣ እውነቱ። እኔ መስማት የተማርኩት ከእነሱ ነው። አንድ ሽማግሌ ባለጉዳዩን ሳያቋርጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲያዳምጥ አይቻለሁ። ጨርሷል ብዬ ሳስብ "ሌላስ?" አለው። ዋናው ነገር የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 34(5) ላይ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን ለምትሉ፣ ይኸው።

ስለ ሥራ ብዙ አልልም። ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ነገረ ፈጅ፣ ጠበቃ ትሆናላችሁ። ከአዋጅ 1249/2013 ወዲህ ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ይችላሉ። በእኛ ጊዜ እያንዳንዱ ለብቻው ነበር የሚታገለው። የመውጫ ፈተናውም አያስፈራችሁ። ሃንድአውት ብቻ ለሚሸመድድ ነው የሚከብደው። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የሚያርመውን የፌዴራል ሰበር ችሎት ውሳኔዎች በየቅጹ ያነበበ ተማሪ ጥያቄውን ሲያየው ያውቀዋል። በሳምንት ሁለት ውሳኔ አንብቡ፣ አይበዛም። ፍሬ ነገሩን በራሳችሁ አማርኛ በአምስት መስመር ጻፉት።

አንደኛ ዓመት ላይ ያላችሁም "ገና ነን" አትበሉ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። ትምህርት በሌላችሁ ጠዋት ተነሡ። ከሦስት ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ስልካችሁን አጥፉ፣ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዳኛው ሲገቡ ተነሡ። ቀጠሮ ተሰጥቶት የሚወጣውን ሰው ፊት እዩ። ምን እንደተባለ ገብቶት እንደሆነ ያስታውቃል። ካልገባው ተከተሉትና ቀኑን ወረቀት ላይ ጻፉለት።