በጥር 12 የቀዳሁት ጽዋ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ጥር፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ቀረብ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ጌታችን በሰርጉ ቤት የሰጣቸው እውነተኛ የወይን ጠጅ ነው ወይስ ለቅዳሴ እንደምንጠቀምበት ያልፈላ የዘቢብ ጭማቂ?» ሲል ጠየቀኝ። የዮሐንስ ወንጌል የሚጠቀምበት የግሪክ ቃል «ኦይኖስ» መሆኑን፣ ሐዋርያው ጳውሎስም የኤፌሶንን ሰዎች በወይን ጠጅ አትስከሩ ሲላቸው የጻፈው ይኸንኑ ቃል መሆኑን ነግሬው፣ ስለዚህ የሚያሰክር የወይን ጠጅ እንደ ነበር አምናለሁ አልኩት። ወጣቱ አመስግኖኝ ሄደ፤ እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከአርባ ዓመት በፊት፣ በዚያው በጥር 12 ቀን፣ ይህንኑ መልስ ለሌላ ሰው ሰጥቼው ነበርና።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሸዋ በአንዲት ትንሽ ከተማ በነርስነት እሠራ ነበር። ከጤና ጣቢያው ሾፌር ጋር በገጠር ክትባት አብረን ስለምንዞር እንደ ወንድም ነበርን። በአረቄ ብዙ ተጎድቶ ነበር፤ እጁ ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንድ ቀን መኪናውን ወደ ገደል አፋፍ ካስጠጋው በኋላ ተው ብዬ አጥብቄ የመከርኩትም እኔ ነኝ። ለንስሐ አባቱ ቃል ገብቶ ስምንት ወር ሙሉ ምንም ሳይቀምስ ቆየ። ፊቱ ጠራ፤ ደመወዙን ቤቱ ያደርስ ጀመር።

የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኞችም ነበርን። በዚያ ዓመት የጥር ተራ የእኔ ሆነ፤ ሌሎቹ ታቦታት በ11 ሲገቡ የሚካኤል ታቦት በ12 ስለሚገባ፣ ያን ዕለት ማኅበር ማብላት ትልቅ ክብር ነው። ባለቤቴ ጋኑን በወይራ አጥና ጠላውን ከሳምንት በፊት ጠንስሳለች። የእናቴም ጠላ እንዲሁ በወይራ ጭስ ይታወቅ ነበር፤ ጌሾውን ስትወቅጥ አጠገቧ ተቀምጬ ዳዊት እደግም ነበር፤ ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ ወይን የሰውን ልብ ደስ ያሰኛል የሚለው መዝሙር ትዝ ይለኛል። ጠላን ከርኩሰት የሚቆጥር ሰው ሲገጥመኝ የማዝነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዶቹ ገብተው ጸሎት ሳይጀመር ሾፌሩ ወደ ጓዳው በር ጠራኝና፣ «ወንድሜ፣ የእኔን ጽዋ በብርዝ አድርግልኝ» አለኝ። ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው፤ ሰው እንዳይሰማው ፈርቷል። እኔም፣ «የተባረከ ጽዋ ሰውን አይጎዳም፤ ጌታ ራሱ በቃና ውኃውን የወይን ጠጅ አድርጎ የለ፤ ጠላ ደግሞ ከአረቄ ጋር አይቆጠርም» አልኩት። ዝም አለ። ካህኑ ባርከው ጽዋው ሲዞር ተቀበለ። ማዕዱ ከተጀመረ በኋላም ብርጭቆው ጎድሎ ባየሁ ቁጥር «በሞቴ» እያልኩ ሞላሁለት፤ በሦስተኛው ላይ እጁን በብርጭቆው አፍ ላይ አደረገ፤ እኔም እጁን በገዛ እጄ አነሣሁት።

ያን ምሽት አልሰከረም። በሰላም መርቆን ወጣ። ፋሲካ ሳይደርስ ግን ወደ አረቄው ተመልሶ ነበር፤ በዓመቱ ከሥራ ተሰናበተ፤ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ትውልድ መንደሩ ሄደ። ያቆመ ሰው ቀምሶ ሲመለስ ሥቃዩ ከፊተኛው ይልቅ ሊከፋ እንደሚችል ነርስ ሆኜ አውቅ ነበር። ይህን እያወቅሁ ነበር የቀዳሁለት።

እናንተ ዛሬ የምትጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ «ምን ያህል ቢጠጣ ኃጢአት አይሆንም?» ብላችሁ ነው፤ በስልካችሁ ጥቅስ በጥቅስ ላይ ትወረውራላችሁ፤ አንዱ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መምከሩን ያነሣል፣ ሌላው የምሳሌን መጽሐፍ ማስጠንቀቂያ ያነባል። ስካር ኃጢአት መሆኑን፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥም በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መከልከሉን ታውቃላችሁና አልደግመውም። በብርጭቆ ብዛት መጠንን መለካት ግን እንደማያዋጣ ልንገራችሁ፤ የአንዱ ቤት ጠላ ቀጭን ነው፣ የሌላው ጉሽ ከቢራ ይበረታል፣ ዳግም አረቄ ደግሞ የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ከዚህም በላይ፣ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 14 ወንድምህ የሚሰናከልበት ከሆነ ወይን አለመጠጣት መልካም ነው ያለውን፣ እኔ ስለ ራሴ ብርጭቆ ብቻ እንደ ተነገረ አድርጌ ለብዙ ዓመታት አነብበው ነበር። ስለምቀዳው አላሰብሁም።

በእኛ ዘመን ሰው የሚጠጣው ከማዕድ ጋር፣ በሽማግሌ ፊት ነበር፤ የዛሬ ወጣት ባዶ ሆዱን ቆሞ ሲጠጣ ሳይ እሰጋለሁ። ነገር ግን ወንድሜን የጣለው ያ የማከብረው ማዕድ መሆኑን ስለማውቅ፣ በዚህ ላይ አጥብቄ ልናገራችሁ አልደፍርም። ወንጌላውያን ዘመዶቼ ፈጽሞ ባለመጠጣታቸው ቀድሞ እከራከራቸው ነበር፤ አሁን ቤቴ ሲመጡ ውኃውን በፊታቸው አኑሬ ስለ ሌላ ነገር እንጫወታለን።

ሾፌሩን ከዚያ በኋላ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በ1985 ዓ.ም. በአንድ አውቶቡስ ተራ። ከስቷል፤ ጥርሱ ረግፏል። ስለ ባለቤቴ ጤና፣ ስለ ልጆቼ ትምህርት አንድ በአንድ ጠየቀኝ። «ማኅበሩ አለ?» አለኝ፤ አለ አልኩት። ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል እየፈለግሁ ሳለ ረዳቱ ተጣራና ተሳፈረ፤ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ሰላምታ ሰጠኝ።

ዛሬ የጥር ተራ ሲደርሰኝ ጠላው አይቀርም። ከጎኑ ግን ባለቤቴ ብርዝ በትልቅ ገንቦ ታሰናዳለች፤ ካህኑም ሁለቱን አንድ ላይ ይባርካሉ፤ እንግዳው ሳይጠየቅ የፈለገውን ያነሣል። «በሞቴ» የሚለውን ቃል በቤቴ አልናገርም።