ለጭንቅላት ጉዳት ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ላሰባችሁ ወገኖቼ

ባሕር ዳር ላይ አንድ ሰው በሞተር ወይም በባጃጅ ተገጨ ሲባል ውጭ ያለነው ምን እንደምናደርግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስልክ ይደወላል፣ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል፣ ጎፈንድሚ ይወጣል። ገንዘቡም ይሞላል። ለአንድ ሰው ሕክምና ሲሆን እጃችን አይታጠፍም። «የእኛ ቤት ያየውን ሌላው እንዳያይ ለምርምር እናዋጣ» ሲባል ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚህ ጉዳይ ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ የማውቀውን ልንገራችሁ።

እኔን ወደዚህ ያስገባኝ የታናሽ ወንድሜ አደጋ ነው። ሽምብጥ አካባቢ ሞተር ላይ ሳለ ተገጨ፤ ሄልሜት አላደረገም ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ የቋጠረው ደም በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ቁስሉ ደረቀ፣ ጎረቤቱም «እንኳን እግዜር ማረህ» እያለ ጠየቀው። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሜ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ሒሳብ በቃሉ ነበር የሚሠራው። አሁን የደንበኛውን ብር እንደያዘ ይቆምና መልሱ ስንት እንደሆነ ይጠፋበታል። ደንበኛው ሲያጉረመርም ይቆጣል፤ ድሮ ቁጣ የሚባል አያውቅም ነበር። ሰው ግን ጠባሳውን አይቶ «ድኗል» ይላል። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ «እንዴት ሆንክ?» ብሎ የደወለለት ባለሙያ የለም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊት ጥያቄ ያዙ። «ለምርምር» ብቻ ብትሉ ገንዘቡ የት እንደገባ ማንም አያውቀውም። ምሳሌ ላምጣ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ክራሽ-3 የተባለ ጥናት ትራኔክሳሚክ አሲድ በሚባል፣ ደም መፍሰስን በሚቀንስ መድኃኒት ላይ የተሠራ ነው። ከ29 አገሮች ከ12,000 በላይ ታካሚዎች ገብተውበታል። መድኃኒቱ ቀላልና መካከለኛ ጉዳት ያለባቸውን የሞት አደጋ የቀነሰው በተጎዱ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጣቸው ነው። ሲዘገይ ጥቅሙም ይቀንሳል። እሺ፣ ከደቅ ደሴት በጀልባ የሚመጣ ተጎጂ ባሕር ዳር ሆስፒታል የሚደርሰው በስንት ሰዓቱ ነው? ከዘጌስ? ከአዴትስ? መንገድ ሲዘጋስ? ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የተጎዳበትን፣ ድንገተኛ ክፍል የገባበትንና ሲቲ ስካን የተነሳበትን ሰዓት በሥርዓት የሚመዘግብ ሰው ነው የሚያስፈልገው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የእኛ መዋጮ ሊያስመልሰው ይችላል።

ሁለተኛው የእኔ ቤት ጥያቄ ነው፤ ታካሚው ከወጣ በኋላ ምን ይሆናል? ለዚህ ከግላስጎው የወጣ የታወቀ መለኪያ አለ፤ በስልክ ቃለ መጠይቅም ይሠራል። ነርሷ ከስድስት ወር በኋላ ትደውላለች፦ ሥራ ተመለሰ? ብቻውን ገበያ ይሄዳል? ከቤተሰቡ ጋር ይስማማል? ጥያቄው ለአስታማሚውም መቅረብ አለበት፤ ታካሚው ራሱ ለውጡን ላያስተውለው ይችላላ። በአደጋ ጊዜ ስልክ ስለሚጠፋ ከመጀመሪያው የሁለት ዘመድ ቁጥር ይያዝ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ክትትል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ለጋሾቻችሁን ቀድማችሁ አስለምዱ። እኛ ማሽን ልከን ፎቶ መነሳት ደስ ይለናል። ምርምር ግን የሚፈልገው የመዝጋቢ ደመወዝ፣ የስልክ ካርድ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ክፍያ ነው። ይህን ሳትሸፋፍኑ ንገሯቸው። «ውጤቱ ምንም ባይገኝስ?» ለሚላችሁ ደግሞ የመጀመሪያውን ክራሽ ጥናት ንገሩት። ለጭንቅላት ጉዳት ስቴሮይድ የሚባለውን፣ እብጠት ይቀንሳል የተባለ መድኃኒት መስጠት በብዙ አገር ለብዙ ዓመት የተለመደ ነበር። ከ10,000 በላይ ታካሚዎች የገቡበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 21.1 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 17.9 በመቶ መሞታቸው ታየ። ሐኪሞቹ በቅን ልቦና ይሰጡት የነበረው መድኃኒት ይጎዳ ነበር። ያንን ማወቅ ስንት ነፍስ አተረፈ!

ከማን ጋር ትሠራላችሁ? ጥበበ ግዮን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው፤ ፈለገ ሕይወት በክልሉ ጤና ቢሮ ሥር ነው። የምታንኳኩት በር ስለሚለያይ መጀመሪያ አንዱን ምረጡ። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ሳያጸድቀው አንድ ሳንቲም አትልኩ። ጥያቄውንም እናንተ ብቻ አታውጡ፤ ድንገተኛ ክፍል የሚያድሩት ሐኪሞችና ነርሶች ምን ማወቅ እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው።

ስለ ገንዘቡ መንገድ በአጭሩ። ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ባለ ባንክ አያወጣም፤ ስለዚህ ያላችሁበት አገር የተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ፈልጉ። አሜሪካ ድርጅቱ 501(ሲ)(3) የሚባለው ከግብር ነጻ የሆነ በጎ አድራጎት ከሆነ ለጋሹ የታክስ ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል። እንግሊዝ ደግሞ ጊፍት ኤይድ በሚባለው የመንግሥት አሠራር ግብር ከፋይ በሰጠው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ይጨመራል። በጥቁር ገበያ አትላኩ፤ ዩኒቨርሲቲው ደረሰኝ ሊቆርጥለት በሚችል ባንክ ይግባ። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር በጀቱን በብር ሥሩ፤ ስትልኩ ግን በየክፍሉ ላኩ፤ ቀጣዩ ክፍያ ሪፖርት ሲመጣ ይለቀቅ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። ራሱን የሳተን ሰው ፊቱ አብጦ፣ ቱቦ ገብቶለት እያለ ፎቶውን አትለጥፉ። ገንዘብ እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ግን እሱ አልፈቀደም፤ መፍቀድም አይችልም። ነገ ተነስቶ ሱቁን ሲከፍት ደንበኛው ያንን ፎቶ በስልኩ ይዞ ይመጣል። ታሪኩን የሚናገር ከተገኘ ድኖ፣ አስቦበት፣ በራሱ አንደበት ይናገር። ወንድሜ «ስሜን አትጥሪ» ብሎኛል፤ አልጠራሁትም።

ውጤቱ ሲወጣ በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሞ እንዳይቀር የአማርኛ ቅጂ በውሉ ውስጥ አስገቡ። ሁለት ገጽ ይበቃል። አንዱ ለትራፊክ ፖሊስ፣ አንዱ ለባጃጅና ለሞተር ማኅበራት፣ አንዱ ደግሞ ስልክ ተደውሎላቸው ለመለሱት ቤተሰቦች ይድረስ። ለጋሾቹም ያንኑ ቅጂ ከሒሳቡ ጋር ላኩላቸው።