በቻይና የአስተዳደር ክርክር ላይ ብሠራ ማን ይቀጥረኛል?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። በሕግ ተመርቀሽ ቤይጂንግ ውስጥ ለማስተርስ ስኮላርሺፕ አግኝተሻል። የቻይና ዜጎች መንግሥትን የሚከሱበት ሥርዓት፣ ማለትም የአስተዳደር ክርክር፣ እንዴት እንደመጣ የመመረቂያ ጽሑፍ መጻፍ ፈልገሻል። ጓደኞችሽ ግን «እዚያ ደግሞ ማን መንግሥት ይከሳል? ስትመለሺስ ማን ይቀጥርሻል?» እያሉ ልብሽን ከፍለውታል።

መክሰሱንስ ይከሳሉ፣ ያውም ከድሮ ጀምሮ። ቤይጂንግ ላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። ደራሲው ሉ ሹን በ1925 ከትምህርት ሚኒስቴር ሲባረር እዚያው ከሶ ረትቷል። ከ1949 በኋላ የድሮዎቹ ሕጎች ተሻሩ፤ ነገሩም ለረጅም ጊዜ ተዳፍኖ ቆየ። በ1988 ባኦ ዠንግዣኦ የሚባሉ የዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ገበሬ ቤቴን አፈረሰብኝ ብለው የወረዳውን መንግሥት ከሰሱ። ተረቱ፣ ግን አገር ሁሉ አወራላቸው። የአስተዳደር ክርክር ሕጉ በዓመቱ ጸደቀ፤ ሥራ ላይ የዋለው በጥቅምት 1990 ነው።

አንቺ ይህን ሁሉ ዘመን ልሸፍን ካልሽ አንድም ነገር ሳትይ ገጹ ያልቅብሻል። እኔ ብሆን የቲያን ዮንግን ጉዳይ ብቻ እይዝ ነበር። ልጁ የቤይጂንግ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በ1996 ፈተና ላይ ሳለ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ፎርሙላ የተጻፈበት ወረቀት ወደቀበት። ዩኒቨርሲቲው እንዲሰናበት ወሰነ፤ ውሳኔውን ግን አልሰጠውም። ጭራሽ የተማሪ መታወቂያ አደሰለት፣ ክፍያ ተቀበለው፣ መመረቂያ ጽሑፉንም አሠራው። በ1998 ዲፕሎማ ሲጠይቅ «አንተ ተማሪያችን አይደለህም» አለው። ድፍረት ነው! ቤይጂንግ ያለው የሀይዲያን ፍርድ ቤት በ1999 ለልጁ ፈረደ። ዩኒቨርሲቲም ዲፕሎማ ሲሰጥና ሲከለክል በአስተዳደር ክርክር ይከሰሳል፣ ከመቅጣቱ በፊትም ተማሪውን መስማት አለበት አለ። በ2014 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለሌሎች ዳኞች መመሪያ አደረገው።

ወደ ሥራው ልምጣ። «የቻይና አስተዳደር ሕግ አዋቂ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አታገኚም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ፈቃድ ተከለከልኩ፣ ተሰረዘብኝ የሚል የቻይና ባለሀብት አለ። የእኛው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ምን እንደሚፈቅድለት በሚያውቀው የአገሩ ሕግ በኩል ማስረዳት የሚችል ጠበቃ ያስፈልገዋል። በእነሱ ሕግ ውሳኔው ሕጋዊ መሆኑን የማስረዳት ሸክም ያለው በተከሰሰው መሥሪያ ቤት ላይ ነው። መክሰሻ ጊዜውም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከ3 ወር ወደ 6 ወር አድጓል። ደንበኛው ስለእኛው ሕግ የሚጠይቅሽ እነዚህኑ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ አጥኚ።

ቋንቋው ላይ ግን አልለማመጥሽም። በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ፕሮግራም ብቻውን ፍርድ አያስነብብሽም። አምስተኛውን የቻይንኛ ደረጃ ፈተና ሳታልፊ አትመለሺ። ከመሄድሽ በፊት ደግሞ የአስተዳደር ሕግ የሚያስተምር አማካሪ ይመደብልሽ እንደሆነ ዩኒቨርሲቲውን በኢሜይል ጠይቂ።