መድኃኒቱን የያዘው ከረጢቱ እንዳይሆን

እህቴ፣ መድኃኒት ቤት ሁለት ዓመት ሠርተሽ አሁን የማስተርስ ጥናትሽን በሙቀት በሚረጋ የካንሰር መድኃኒት ጄል ላይ ልትሠሪ አስበሻል። የካንሰር ሕዋስ ማሳደጊያ ስለሌለ አይሆንም ብለውሻል። እንግሊዝኛሽና 29 ዓመት መሙላትሽም ያሳስቡሻል። ወንድምሽ ደግሞ «ብሩን እኔ አወጣለሁ፣ ፋርማሲ እንክፈት» ይልሻል።

ሕዋሱ ይቆይ። ተማሪ የሚሰናከለው ገና ጄሉ ላይ ነው። 18 ግራም ፖሎክሳመር 407 (ሲቀዘቅዝ የሚፈሰውን፣ ሲሞቅ የሚረጋውን የጄሉን መሥሪያ) በ82 ግራም ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በጥቂት በጥቂቱ በትኚና 4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው፤ በሞቀ ውሃ ከሆነ ሳይሟሟ ይቋጥራል። በማግስቱ ብልቃጡን በአንድ በአንድ ዲግሪ እያሞቅሽ ዘንበል አድርጊው፤ መፍሰስ ያቆመበት የመርጊያው ሙቀት ነው። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ድገሚው፤ ጨውም መድኃኒትም ነጥቡን ያንቀሳቅሱታል። 25 ዲግሪ ላይ ከረጋ፣ አዲስ አበባ በመርፌ የወጣው ጋምቤላ ሲሪንጅ ውስጥ ይቀራል።

ትልቁ ወጥመድ የአለቃቀቅ ሙከራው ነው፤ መድኃኒቱ ከጄሉ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ የሚለካበት። ጄሉ ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው የዳያሊስስ ከረጢት ታስሮ 37 ዲግሪ ባፈር (አሲድነቱ በቀላሉ የማይለወጥ ፈሳሽ) ውስጥ ይገባል፤ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ሲወጣ ጄሉ የያዘው ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የያዘው ከረጢቱ ነው። ያለ ጄል መድኃኒቱን ብቻ በሌላ ከረጢት ጎን ለጎን አስኪጂ። ይህ ማወዳደሪያ የሌለውን ጥናት እኔ አላምነውም።

ፖሎክሳመር ብቻውን በሰውነት ፈሳሽ ቶሎ ይሟሟል፤ ይህ ግን ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም። አሜሪካ በ2020 የፈቀደችው ጄልማይቶ የተባለ የካንሰር ጄል ቀዝቅዞ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ወደ ላይኛው የሽንት መንገድ ይገባል፣ እዚያ ይረጋል፣ የያዘውን የካንሰር መድኃኒት ማይቶማይሲንን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ለቆ በሽንት ይወጣል። ዕጢውን ፈልጎ የሚያገኘው ጄሉ ሳይሆን ሐኪሙ ነው። ፕሮፖዛልሽ ላይ «ብልህ ጄል» ከመጻፍሽ በፊት አስቢበት።

ለመለማመጃ ሚቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ይበቃል፤ የካንሰር መድኃኒቱን ዶክሶሩቢሲንን ያለ መከላከያ ካቢኔት አትንኪ። እንግሊዝኛሽ ይሻሻላል። 29 ዓመት አልረፈደም።

ስለ ወንድምሽ ግን ፊት ለፊት ልናገር። ብሩ የእሱ፣ የሙያ ፈቃዱ የአንቺ ነው፤ መድኃኒት ጎደለ ሲባል የሚጠየቀው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስም ነው። ፋርማሲ ከሦስት ዓመት በኋላም ይከፈታል። ኤችፒኤልሲ (መድኃኒትን ለይቶ መጠኑን የሚለካ መሣሪያ) እና የአለቃቀቅ ሙከራ ግን አሁን በእጅሽ ከገቡ፣ የፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ክፍል የሚጠይቅሽ ይኸንኑ ነው።

አማካሪ ከመምረጥሽ በፊት ላብራቶሪው ድረስ ሂጂና ዩቪ ማሽኑ (የመድኃኒቱን መጠን በብርሃን የሚለካው) እንደሚሠራ በዓይንሽ እዪ።