ስጦታው ለአንድ መምህር ወይስ ለሁሉም?

ጥያቄ፦ ጎንደር ሃይስኩል አብረን የተማርን ልጆች ጡረታ ለሚወጡት የሒሳብ መምህራችን ስጦታ ልናዋጣ ነው። የ1 ሜትር እንጨት አስይዘው ፋሲል ግቢ ወስደውን የግንቡን ቁመት በጥላ ያስለኩን እሳቸው ናቸው። ግማሾቻችን ግን «ሌሎቹ መምህራን ቅር ይላቸዋል» እያሉ ነው። ምን ይሻላል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ለእሳቸው ስጡ፣ በቃ። የእንጨቱ ጥላ ግማሽ ሜትር ከሆነ ግንቡም የጥላው እጥፍ ነው ብሎ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ ስር የሚያስተምር መምህር በየቀኑ አይገኝም። በተለይ የፕላዝማ ዘመን ልጆች ከሆናችሁ! ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ እያንበለበለ ሲሄድ፣ ለመምህሩ የምትተርፈው ጥቂት ደቂቃ እንደነበረች መቼም አትረሱም።

ሌሎቹ ቅር እንዳይላቸው ዝግጅቱን እዚያው የመምህራን ማረፊያ ውስጥ አድርጉት። ድፎ ዳቦና ቡና ይበቃል። ፋሲል ግቢ የሄዳችሁ ቀን ክፍለ ጊዜውን የለቀቀላቸው መምህር አለ፣ እንድትወጡ የፈቀደ ዩኒት ሊደርም አለ (ጠዋት በር ላይ አርጩሜ ይዞ ይጠብቃችሁ የነበረው ያው እሱ ሳይሆን አይቀርም)፤ እነሱንም በስማቸው እየጠራችሁ አመስግኑ። ገንዘብ በፖስታ ማስጨበጡን እኔ አልወደውም፣ ጥሩ ጋቢ ግዙላቸው። ውጭ ያሉት ጓደኞቻችሁ ለጥምቀት ከገቡ ቀኑን ከዚያ በፊት ያዙት። ከተራ ዕለት ግን እንዳትሞክሩት፣ ያን ቀን ጎንደር ላይ ማንንም ቤቱ አታገኙም።