«ስሜ ሲጠራ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስለኛል»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ዕድሜዬ ስላልደረሰ በአክስቴ ልጅ ስም በወጣ ፓስፖርት ቤይሩት ሄጄ 7 ዓመት በሰው ቤት ሠራሁ። እንዳልረሳው ማታ ማታ የራሴን ስም በጣቴ ግድግዳው ላይ እጽፍ ነበር። ተመልሼ ፒያሳ ሱቅ ውስጥ የተቀጠርሁትም በዚያው ስም ነው። ከሥራ ስወጣ አራዳ ጊዮርጊስን እሳለማለሁ፤ ነገር ግን የንስሐ አባቴ በክርስትና ስሜ ሲጠሩኝ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስለኛል። እንቅልፍም የለኝም። ይህ የኃጢአቴ ቅጣት ነውን? ለእጮኛዬስ ልንገረው?

መልስ፦ እኅታችን፣ የሚሰማሽን ሁሉ እንደ ቅጣት አትቁጠሪው። ለብዙ ዘመን በሌላ ሰው ስም የኖረ ሰው፣ ለማን ምን እንደተናገረ እያስታወሰ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር «ታወቀብኝ» እያለ ስለሚኖር አእምሮው ዕረፍት ያጣል፤ የሚያሰጋው ነገር ካለፈም በኋላ ድንጋጤው ቶሎ አይለቀውም። ከዚህ የሚብሰው ብቸኝነቱ ነው፤ ሲመሰገንም ሲወደድም የተመሰገነውና የተወደደው ያ የተዋሰው ስም ስለሚመስለው፣ በሰው መካከል ተቀምጦ ሳለ እንኳ የሚያውቀው ያጣል።

ጻድቁ ዮሴፍም ይህን ቀምሶታል። ፈርዖን ግብፃዊ ስም አውጥቶለት ነበር፤ ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ በመጡ ጊዜም ማንነቱን ሰውሮ በአስተርጓሚ ሲያነጋግራቸው ከእነርሱ ዘወር ብሎ አለቀሰ (ዘፍ. 42፥24)፤ ሁለተኛም ወደ ጓዳ ገብቶ አለቀሰና ፊቱን ታጥቦ ወጣ (ዘፍ. 43፥30-31)። ፊትን ታጥቦ እንደ ምንም ሆኖ መውጣት ምን እንደሆነ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። በመጨረሻ ግን ሌላውን ሰው ሁሉ አስወጥቶ «እኔ ዮሴፍ ነኝ» አላቸው።

ይሁንና ሐሰቱ ሐሰት ነውና ንስሐ ያስፈልገዋል። ለንስሐ አባትሽ ስትናገሪ ያን ጊዜ ልጅ እንደነበርሽ፣ ጉዳዩን የጨረሱትም ትልልቆች እንደሆኑ አብረሽ ንገሪያቸው፤ የሌላውን ድርሻ ሁሉ በራስሽ ላይ መጫን እውነተኛ ኑዛዜ አይደለምና። የ7 ዓመቱ ድካምና ላብ ግን የአንቺው ነው፤ እርሱን አትካጂው። የሥራ ወረቀትሽን ደግሞ የሕግ ባለሙያ አማክረሽ በስምሽ አስተካክዪ።

ለእጮኛሽ ንገሪው፤ ከተክሊሉ በፊት፣ በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት። ቢያዝን ወይም ቢቆጣ ጊዜ ስጪው።

እንቅልፍ ማጣቱን ዝም አትበዪው። አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ሌላ የአእምሮ ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም፤ መድኃኒት ቢታዘዝልሽም ለጠበል ብለሽ አታቋርጪ። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ ያቋረጡ ምእመናን ሲጎዱ ስላየሁ ነው።

በ80 ቀንሽ ስትጠመቂ የተሰጠሽ ስም በየትኛውም ፓስፖርት ላይ ስላልተጻፈ ማንም አልተዋሰውም፤ እንግዳ የመሰለሽ ለዓመታት የሚጠራሽ ስላልነበረ ነው። ስለዚህ በጸሎት መጽሐፍሽ «እገሌ» ተብሎ ለሚጸልየው ሰው ስም ከተተወው ቦታ ስትደርሺ በልብሽ አትለፊው፤ ጆሮሽ እስኪሰማው ድረስ ስምሽን በድምፅ ጥሪው።